መጥቶ ስለሚሄድ ብልሽት፤ በትንሽ የንግድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መረብ ላይ

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ፈጽሞ የቆመ የጭነት መኪና ባለቤቱን የሚያስቸግረው ለጥቂት ቀን ነው፤ ወደ ጋራዥ ተጎትቶ ይሄዳል፤ የተሰበረው ዕቃ ይታያል፤ ይለወጣል። ባለቤቱን የሚያማርረው ግን ጧት ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ቆሞ፣ መካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ምንም እንዳልነካው ሆኖ የሚሠራው መኪና ነው። በትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ኮምፒዩተሮችን እርስ በርሳቸውና ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው መረብ ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ፈጽሞ ከተቋረጠ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጧት ይገኛል። አንድ ጊዜ እየሠራ አንድ ጊዜ እየተቋረጠ ሲያስቸግር ግን ሳምንታት ያልፋሉ፤ ገንዘብ ይወጣል፤ ሠራተኛና አሠሪ ይነቃቀፋሉ፤ ብልሽቱም በቦታው እንዳለ ይኖራል። ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህን ዐይነቱን ብልሽት እንዴት ፈልጎ ማግኘት እንደሚቻል ነው። ለዚህም የምህንድስና ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ላኪዎችና አስመጪዎች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። አስመጪው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን የሚያቀርበው በኮምፒዩተር ነው። ላኪውም የመጫኛ መመሪያውን ለመርከብ ድርጅቱ ወኪል የሚያደርስበት የመጨረሻ ሰዓት አለው፤ ያ ሰዓት ካለፈ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን መርከብ ይጠብቃል። ከሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2016) ጀምሮ ደግሞ፤ በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት፤ የተረጋገጠ ክብደቱ አስቀድሞ ያልተገለጠ ኮንቴይነር በመርከብ ላይ አይጫንም። በኤልሲ የሚነግድ ሰው፤ ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር፤ ቁጥር 600 በሚባለው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት ሰነዶቹን ዕቃው ከተጫነ በኋላ ባሉት 21 ቀኖች ውስጥ ለባንክ ማቅረብ ይገባዋል። 21 ቀን ብዙ ይመስላል። ዳሩ ግን ማናችንም ብንሆን እንደምናውቀው ሰነድ የሚሟላው በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ነው፤ የቀረው ማረጋገጫ ከወኪሉ በኢሜይል በሚጠበቅበት በዚያን ቀን መረቡ ቢቋረጥ ጉዳቱ በብር የሚቈጠር ነው።

ብልሽቱ በደረሰ ጊዜ በየቢሮው የሚደረገው አንድ ዐይነት ነው። አንዱ ሠራተኛ ተነሥቶ ራውተሩን ከሶኬቱ ይነቅለዋል፤ እስከ አሥር ይቈጥራል፤ መልሶ ይሰካዋል። ብዙ ጊዜ ሥራው ይቀጥላል፤ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። በዚህ ላይ ነቀፋ የለንም፤ የሚያጣድፍ ደብዳቤ በእጁ ያለ ሰው ሌላ ምን ያድርግ! ነገር ግን ራውተሩ በተነቀለ ቍጥር ከብልሽቱ ጋር ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። አብዛኞቹ ትንንሽ ራውተሮች የደረሰባቸውን ሁሉ በውስጣቸው ይዘው የሚቈዩት ኤሌክትሪክ እስካላቸው ድረስ ብቻ ነው፤ ሲጠፉ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ባለሙያው በማግሥቱ ሲመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል፤ መረቡን ደኅና ሆኖ ያገኘዋል፤ ጥቂት ይመረምራል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመጠገን በፊት መመዝገብ ይቀድማል። በራውተሩ አጠገብ አንድ ደብተር በገመድ ይንጠልጠል። መረቡ በተቋረጠ ቍጥር፤ ማንም ሰው ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት፤ ቀኑንና ሰዓቱን እስከ ደቂቃው፣ የተቋረጠበትን ሰው ስምና ክፍል፣ በኬብል ወይም በዋይፋይ መሆኑን፣ በራውተሩ ላይ የትኛው መብራት በርቶ የትኛው ጠፍቶ እንደ ነበረ፣ የቤቱ ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም ግንኙነቱ በራሱ ወይም በምን እንደ ተመለሰ ይጻፍ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን «ሌሎቹስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚደርስ ብልሽትና በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ የሚደርስ ብልሽት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከተመዘገበ በኋላ ደብተሩን ማንበብ ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ መንገዱን መከፋፈል ይመጣል። ነጋዴ ይህን ዘዴ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ከመተማ 400 ኩንታል ሰሊጥ ተጭኖ ወደብ ሲደርስ 392 ኩንታል ቢሆን፤ አስተዋይ ላኪ በሾፌሩ ላይ ከመጮኹ በፊት በየቦታው የተመዘነበትን ወረቀት ይጠይቃል፤ ጎንደር መጋዘን ሲገባ ስንት ነበረ? ሲወጣስ? ወደብ ሲደርስስ? ጉድለቱ ቍጥሩ በተለያየባቸው በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ነው።

በኮምፒዩተር መረብ ውስጥ ሚዛኑ «ፒንግ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህን ትንሽ ፕሮግራም በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት በባሕር ውስጥ ያለውን ነገር ለመፈለግ ከሚላከው የመሣሪያ ድምፅ ነው። ትእዛዙ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ይልክና መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደ ተመለሰ፣ ወይም ሳይመለስ እንደ ቀረ ይናገራል። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ በላቲን ፊደል የትእዛዙን ስም፣ ቀጥሎ አድራሻውን፣ ከዚያም ሰረዝና «ቲ» የምትባለውን ፊደል የጻፈ እንደ ሆነ፤ ሰው እስኪያቆመው ድረስ በየሰከንዱ ሲመዝን ይውላል።

ሦስት ቦታ ላይ ይመዘናል። የመጀመሪያው የገዛ ራሳችን ራውተር ነው፤ አድራሻው በብዙ ቢሮ 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነም ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ሁለተኛው በውጭ ያለ፣ በቍጥር የሚጠራ አድራሻ ነው፤ ለምሳሌ ጉግል በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የከፈተው 8.8.8.8። ሦስተኛው በውጭ ያለ፣ በስም የሚጠራ አንድ የታወቀ ገጽ ነው። ወደ ራውተሩ የሚሄደው መልእክት ከቀረ ጉድለቱ በቤታችን ውስጥ ነው፤ አገልግሎት ሰጪውን መውቀስ ዋጋ የለውም። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ሳይነካ ወደ 8.8.8.8 የሚሄደው ብቻ ከቀረ፤ ጉድለቱ በራውተሩ ራሱ ወይም ከእርሱ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ነው። በቍጥር የሚጠራው እየመለሰ በስም የሚጠራው «አልተገኘም» ከተባለ ደግሞ መንገዱ ደኅና ነው፤ የታመመው ስምን ወደ ቍጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው፤ በራውተሩ ላይ ሌላ የዲኤንኤስ አድራሻ በመጻፍ ብዙ ጊዜ ይድናል። ከመቶ መልስ አንዱ ቢቀር አያስደንግጥ። በኬብል የተገናኘ ኮምፒዩተር ከራውተሩ መልስ የሚያገኘው በአንድ ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው፤ በዋይፋይ ጥቂት ይጨምራል። ከገዛ ራውተራችን የሚመጣው መልስ በዋይፋይ መቶና ሁለት መቶ ሚሊሰከንድ ሲፈጅ ግን አየሩ ተጨናንቋል ማለት ነው።

አሁን በቅርብ የምናውቀውን የአንድ ቢሮ ታሪክ እናውሳ። የቅባት እህል የሚልክ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው፤ በሁለት ፎቅ ላይ ሰባት ኮምፒዩተሮች አሉት። መረቡ ሁለት ወር ሙሉ ሲቋረጥና ሲመለስ ቈየ። መጀመሪያ አገልግሎት ሰጪው ተወቀሰ፤ የመስመሩም ፍጥነት በተጨማሪ ክፍያ ከፍ ተደረገ፤ ብልሽቱ ግን አልተለወጠም። ቀጥሎ የወቀሳው ተራ ወደ ሰነድ ሠራተኛዋ ዞረ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚቋረጠው በእርስዋ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ነበረ «አንድ ነገር ብትነካ ነው» ተባለ። አዲስ ኮምፒዩተር ተገዛላት፤ በአዲሱም ላይ ተቋረጠ። አንድ ሐሙስ ቀን ከቀትር በኋላ የመጫኛ መመሪያው ሳይሄድ ሰዓቱ አለፈ፤ ኮንቴይነሩም ለሚቀጥለው መርከብ ቀረ። በዚያን ጊዜ በሠራተኛዋ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት።

ደብተሩ የተንጠለጠለው ከዚህ በኋላ ነው። በ8 የሥራ ቀኖች ውስጥ 14 ጊዜ ተጻፈበት። ሰዓቶቹ የተለያዩ ስለ ነበሩ መጀመሪያ ምንም ሥርዓት አልታየባቸውም። በየቀኑ ለይተን ስናሰፍራቸው ግን ከ8ቱ ቀኖች 3ቱ ባዶ ሆነው ተገኙ፤ በእነዚያ ቀኖች መረቡ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። «በነዚህ ቀኖች በቢሮው ውስጥ ያልነበረ ነገር ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ሁሉም ዝም አለ። ኋላ ተላላኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ጋሼ ያልገቡባቸው ቀኖች ናቸው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። የሥራ አስኪያጁ ክፍል ከላይኛው ፎቅ መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ ዋይፋይ አይደርሰውም ነበር። አንድ ወጣት ዘመዳቸው በደግነት ሌላ ትንሽ ራውተር ገዝቶ በግድግዳው ላይ ካለው ኬብል ጋር አገናኘላቸው። ሥራ አስኪያጁ ቍጠባ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ሲወጡ የክፍላቸውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ያጠፋሉ፤ ሲገቡ ያበራሉ። ሣጥኑም ከእርሳቸው ጋር ይነሣል፤ ከእርሳቸው ጋር ይተኛል።

ይህ ለምን ጉዳት እንዳመጣ ለመረዳት አድራሻ እንዴት እንደሚታደል ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ሲበራ በመረቡ ላይ ላሉት ሁሉ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ይጣራል። የዕደላው ሥራ ዲኤችሲፒ ይባላል፤ በትንሽ ቢሮ መረብ ላይ አዳዩ አንድ መሆን አለበት፤ እርሱም ዋናው ራውተር ነው። ወጣቱ ያመጣው ሣጥን ግን ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ዋና ራውተር እንዲሠራ ሆኖ የተሰናዳ ስለ ሆነ እርሱም ማደል ጀመረ። በአንድ መጋዘን ሁለት የንብረት ሠራተኞች ሳይነጋገሩ ከሁለት ጥራዝ የዕቃ ማውጫ ቢቈርጡ የሚሆነውን ነጋዴ ያውቀዋል። ዋናው ራውተር 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ቍጥር ሲሰጥ ሣጥኑ 192.168.0 ብሎ የሚጀምር ቍጥር ይሰጣል፤ «የመውጫው በር እኔ ነኝ» ብሎም ያስታውቃል፤ በእርሱ በኩል ግን ወደ ኢንተርኔት የሚወስድ መንገድ የለም። ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቀድሞ የመለሰለትን ነው። ለሥራ አስኪያጁ ለራሳቸው፤ ወጣቱ በስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው ላይ ትክክለኛውን አድራሻ በቋሚነት ጽፎላቸው ስለ ነበረ፤ አንድም ቀን ተቋርጦባቸው አያውቅም። የሠራተኞቹን አቤቱታ ለማመን የቸገራቸውም ስለዚህ ነበር።

ሰነድ ሠራተኛዋስ ከሌሎቹ በምን ተለየች? ሌሎቹ ኮምፒዩተራቸውን ጧት አብርተው እስከ ማታ ይተዉታል፤ ሥራ አስኪያጁ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከመግባታቸው በፊት ከዋናው ራውተር የተቀበሉትን አድራሻ ይዘው ይውላሉ። እርስዋ ግን የቢሮውን ደንብ አክብራ ለምሳ በወጣች ቍጥር ኮምፒዩተርዋን ታጠፋለች፤ ስትመለስ እንደ ገና አድራሻ ይጠየቃል፤ በዚያን ሰዓት አዳዮቹ ሁለት ናቸው። ራውተሩን ነቅሎ መሰካቱም ነገሩን ያባብሰው ነበር። ሠራተኞቹ ኮምፒዩተራቸውንም አብረው አጥፍተው ስለሚያበሩ፤ ዋናው ራውተር እስኪነሣ ድረስ ባለው ጊዜ ጥያቄያቸውን የሚመልሰው ያ የላይኛው ሣጥን ብቻ ነበረ።

ማረጋገጫው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በተቋረጠባት ጊዜ በኮምፒዩተርዋ ላይ «አይፒኮንፊግ» የሚባለውን ትእዛዝ ጻፍን፤ የመውጫ በር ተብሎ የወጣውን ቍጥር ከጎረቤትዋ ኮምፒዩተር ጋር አስተያየን፤ ሁለቱ ተለያዩ። (በዚህ ትእዛዝ የሚወጣው አድራሻ 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን የመለሰ አዳይ ጭራሽ አልተገኘም ማለት ነው።) በሣጥኑ ላይ ዕደላውን ዘጋን፤ ለራሱም ከሌላ ጋር የማይጋጭ ቍጥር ሰጠነው፤ ከዚያ ወዲህ ዋይፋይ ማስተላለፊያ ብቻ ሆኖ ያገለግላል። አንድ ብርም አልወጣም። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከሠራተኛዋ ፋይል እንዲወጣ ተደርጓል።

በዕደላው ነገር ባለሱቆች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም አለ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል በግድግዳ ላይ ለደንበኛ ሁሉ ከተለጠፈ፤ ለአምስት ደቂቃ የገባ ሰው ስልክ የያዘው አድራሻ የተወሰነለት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ፣ በብዙ ራውተሮች ለ24 ሰዓት፣ እንደ ተያዘ ይቈያል። ለዕደላ የተመደበው 100 አድራሻ ብቻ ቢሆን፤ በገበያ ቀን ከቀትር በኋላ የሱቁ የራሱ ኮምፒዩተር አድራሻ ሊያጣ ይችላል። የእንግዶችን ዋይፋይ ለብቻ መለየት፣ የአድራሻውን ጊዜ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማሳጠር፣ ለራስ ኮምፒዩተሮችና ለማተሚያው አድራሻ አስቀድሞ መመደብ ይህን ይከላከላል።

ወደ ኬብሎቹ እንለፍ። የመዳቡ ኬብል በውስጡ 4 ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለማስተላለፍ 2 ጥንድ ይበቃል፤ ለ1000 ሜጋቢት ግን 4ቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ሽቦው የላላ ኬብል ፈጽሞ ላይቋረጥ ይችላል፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይሠራል፤ ወይም ወንበር ሲነካው ብቻ ይቋረጣል። በወንበር ጎማና በበር ሥር የሚያልፍ ኬብል፣ መያዣ ምላሱ የተሰበረ መሰኪያ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በአንድ ቧንቧ ውስጥ የተዘረጋ መስመር፣ ከ100 ሜትር የበለጠ ርዝመት፤ እነዚህ ሁሉ መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ወላጆች ናቸው። የተጠረጠረ ኬብል የሚለወጠው ደኅንነቱ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በተረጋገጠ ኬብል ነው፤ ከመሳቢያ በተገኘ አሮጌ ኬብል መለወጥ አንዱን ጥርጣሬ በሌላ ጥርጣሬ መተካት ነው። የአንድ ኬብል ሁለቱም ጫፍ በስሕተት በአንድ ስዊች ላይ ከተሰካ ደግሞ መልእክቱ በክብ እየዞረ መላውን መረብ ሊያንቀው ይችላል።

የኤሌክትሪክ ኀይል ለአፍታ ሲወርድ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ ሰውም ልብ አይለውም፤ ራውተሩ ግን በዚያች ቅጽበት ጠፍቶ እንደ ገና ለመነሣት አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ራውተሩ ከበራ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው በመቈጣጠሪያ ገጹ ላይ ይታያል፤ ማንም ሳይነካው «20 ደቂቃ» የሚል ከተገኘ ኤሌክትሪኩን ወይም ያረጀውን አዳፕተር መጠርጠር ይገባል። ራውተሩ የተሰካበት ማከፋፈያ ገመድ የሻይ ማፍያና ማቀዝቀዣም የተሰካበት ከሆነ፤ የደብተሩ ሰዓት ከሻይ ሰዓት ጋር ይገጥም እንደ ሆነ ይታይ። ለራውተሩና ለስዊቹ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ለኮምፒዩተር ከሚገዛው ይቀድማል ብለን እናምናለን።

ሌባ በመፍራት ራውተሩን በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከካዝናው አጠገብ የሚቈልፉ አሉ። ብረት ዋይፋይን አያሳልፍም፤ ሙቀቱም መሣሪያውን ይጎዳዋል። ብዙ ሱቅ ባለበት ሕንፃ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት መስመሮች ሦስት ብቻ፣ 1፣ 6 እና 11 ስለ ሆኑ፤ ጎረቤት ሁሉ በእነርሱ ላይ ይጨናነቃል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም ሲሠራ በዚሁ ሞገድ ላይ ይረብሻል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ነው፤ ግድግዳ የማለፍ ኀይሉ ግን ያነሰ ነው። ከጠረጴዛ የማይነሣ ኮምፒዩተር በኬብል ይገናኝ፤ ዋይፋይ ለስልክና ለሚዘዋወር ሰው ይቅር።

ሙከራ በሚደረግበት ጊዜ የሚለወጠው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ኬብሉን፣ አዳፕተሩንና የዋይፋዩን መስመር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው፤ ብልሽቱ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሦስተኛው ሳምንት ቢመለስ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየለውጡ መካከል ያለው ጊዜም ብልሽቱ ይመላለስ ከነበረበት ጊዜ የረዘመ ይሁን፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቋረጥ የነበረ መረብ ሦስት ቀን ደኅና ቢውል ድኗል አይባልም።

ምርመራው ሁሉ ጉድለቱን ከራውተሩ ወዲያ ካሳየ አገልግሎት ሰጪውን መጥራት ተገቢ ነው። በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት በክረምት ወራት በመገናኛው ላይ ርጥበት ሲገባበት ይደክማል፤ በመስታወት ኬብል የሚመጣው ደግሞ ኬብሉ በኀይል ሲታጠፍ ብርሃኑ ይጠፋል፤ ይህንንም በሣጥኑ ላይ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም በማለት ያመለክታል። ስልክ ስንደውል «ኢንተርኔት አይሠራም» ማለት ብቻውን ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም። «ማክሰኞ ከ4 ሰዓት ከ10 እስከ 4 ሰዓት ከ25 ድረስ ከራውተራችን አንድም መልስ አልቀረም፤ ከውጭ ግን አንድም መልስ አልመጣም፤ ቀዩ መብራት ይበራ ነበር» ብሎ የሚናገር ደንበኛ መስመሩ የሚመረመርለት ደንበኛ ነው። የአቤቱታውን ቍጥር ተቀብሎ በዚያው ደብተር፣ በዚያው ቀን መስመር ላይ መጻፍ አይዘንጋ።